ለፈጣሪ ነበር ወይስ ለወርቅ?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጁምዓ ሶላት ስንመለስ የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ አነሳብኝ። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ስለ ሜክሲኮና ስለ ፔሩ ወረራ የሚናገር መጽሐፍ ሲያነብ ሰንብቷል። «አጎቴ፣ እነዚህ ስፔኖች ባሕር ተሻግረው ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጁት ለሃይማኖታቸው ነው ወይስ ለወርቅ?» አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት መልሱን ራሱ ሰጠው። «ለወርቅ ነው እንጂ! ሃይማኖቱማ ሽፋን ነው።»

መልሱ አጭርና ለጆሮ የሚጥም ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ከዚህ የተለየ አልልም ነበር። ትምህርት ቤት «አሜሪካን ያገኛት ማን ነው?» ስንባል «ኮሎምበስ!» ብለን በአንድ ድምፅ የመለስን ልጆች ነን። ስናድግ ያ «ማግኘት» የተባለው ነገር በባለአገሩ ላይ ምን እንዳመጣ ሲገባን ተናደድን። በንዴታችንም ሰዎቹን ሁሉ «ሌቦች» ብለን ነገሩን ዘጋነው።

ዛሬ ግን ይህ መልስ አያረካኝም። ሰዎቹ እምነት የለሽ አታላዮች ብቻ ከነበሩ ታሪካቸው እኔን አይነካኝም። እኔ አማኝ ነኝ፣ እነሱ አታላዮች ናቸው ብዬ በሰላም መተኛት እችላለሁ። ለመሆኑ ከልባቸው የሚያምኑ ከነበሩስ? ጥያቄው የእኔንም ደጃፍ የሚያንኳኳው ያኔ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ከግራናዳ ወደ ባሕር ማዶ

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከ1492 መነሳት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 2 ቀን በአንደሉስ የመጨረሻዋ የሙስሊሞች መናገሻ ግራናዳ ለንግሥት ኢዛቤላና ለንጉሥ ፈርዲናንድ እጇን ሰጠች። ኮሎምበስ በቦታው ነበር። የነገሥታቱ ሰንደቅ በአልሐምራ ማማዎች ላይ ሲሰቀል ማየቱን በጉዞ ማስታወሻው መግቢያ ላይ ጽፎታል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 12 ቀን ደግሞ ከባሃማስ ደሴቶች በአንዷ ላይ አረፈ።

ግራናዳ የተሰጠችው በውል ነበር። ውሉ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን፣ መስጊዱን፣ ቃዲውንና ንብረቱን እንደያዘ እንዲኖር ይፈቅድ ነበር። አሥር ዓመት እንኳ በወጉ አልቆየም። በ1499 ሊቀ ጳጳሱ ሲስኔሮስ በግዳጅ ማስጠመቅ ጀመሩ። በ1502 በካስቲል ግዛት የሚኖሩ ሙስሊሞች «ወይ ተጠመቁ ወይ ውጡ» ተባሉ። ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት ደግሞ የእነዚያ የተጠመቁት ሰዎች የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከአገሩ ተባረረ።

ይህን የማነሳው አሜሪካን የወረሩት ሰዎች ያደጉት በዚህ ድል ወሬ በመሆኑ ነው። ሄርናን ኮርቴስ ለንጉሡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የአዝቴኮችን ቤተ ጣዖት የሚጠራው «መስጊድ» እያለ ነበር። ስፔኖች «ሙር ገዳይ» የሚሉት፣ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ሙስሊሞችን ሲረግጥ የሚሳለው ቅዱስ ያዕቆብ፣ ፔሩ ሲደርስ «ሕንድ ገዳይ» ተብሎ ተሳለ። ፈረሱም ፈረሰኛውም ያው ናቸው፤ ከሰኮናው ሥር የወደቀው ሰው ብቻ ተለወጠ።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ግን «ኤንኮሚየንዳ» የተባለው ሥርዓት ነው። ድል ያደረገው ወታደር የአንድ መንደር ሰዎች ይሰጡታል። እነሱ ይገብሩለታል፣ ይሠሩለታል፤ እሱ በአንጻሩ ሊጠብቃቸውና ሃይማኖት ሊያስተምራቸው ይገባል። ቃሉ የመጣው «አደራ መስጠት» ከሚለው ግሥ ነው። አደራ! እኛ አማና የምንለው። በማዕድን ጉድጓድና በእርሻ ላይ ሰው ያለቀው በአደራ ስም ነበር።

ሁለቱንም በአንድ አፍ

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ያምኑ ነበር ወይስ አያምኑም?

በርናል ዲያስ ዴል ካስቲዮ የተባለ የኮርቴስ ወታደር በስተርጅናው ጓቲማላ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጽፏል። ለምን እንደመጡ ሲናገር ፈጣሪንና ንጉሡን ለማገልገል፣ በጨለማ ላሉት ብርሃን ለመስጠት፣ ደግሞም ሰው ሁሉ እንደሚመኘው ሀብታም ለመሆን ነው ይላል። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገረው። አያፍርም፣ አይደብቅም። ሽፋን የሚያስፈልገው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው።

ኮርቴስም ቢሆን በሴምፖዋላ ከተማ ከአዝቴኮች ጋር የሚወጋለትን ወዳጅ ካገኘ በኋላ የዚያኑ ወዳጁን ጣዖታት ከቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ አንከባሎ አስጣለ። ሕዝቡ ሊነሳበት ምንም አልቀረውም ነበር። በትላክስካላ ይህንኑ ሊደግም ሲል «በግዳጅ አይሆንም» ብለው ያስቆሙት አብረውት የነበሩት መነኩሴ ኦልሜዶ ናቸው። ወርቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ወዳጁን በዚህ መንገድ አያስቀይምም። በርግጥም በእነዚያ ቤተ መቅደሶች ሰው ይታረድ ነበር። ስፔኖቹ ያን አይተው መሰቀቃቸው ውሸት አልነበረም።

የወርቁም ፍቅር እንዲሁ ውሸት አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የሚቆረጥላቸው የመንግሥት ወታደሮች አልነበሩም። ዘመቻው የሽርክና ንግድ ይመስላል። አንዱ መርከብ፣ ሌላው ፈረስ፣ ድሃው ሰይፉንና ነፍሱን ያዋጣል። ብዙዎቹ የመጡት ተበድረው ነው። ከምርኮው አንድ አምስተኛው ለንጉሡ ከተነሳ በኋላ ቀሪውን እንደ መዋጯቸው ይካፈላሉ። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የሚጠብቀው አበዳሪው ነው።

ሁለቱን ስሜት የሚያስታርቅ ወረቀትም ነበራቸው። በ1513 ፓላሲዮስ ሩቢዮስ የተባሉ የሕግ ሊቅ ያዘጋጁት ጽሑፍ ነው። የአገሩ ሰዎች የቤተ ክርስቲያንንና የስፔንን ንጉሥ የበላይነት እንዲቀበሉ ይጠይቃል። ካልተቀበሉ ጦርነት እንደሚከፈትባቸው፣ እነሱም ሚስትና ልጆቻቸውም ለባርነት እንደሚዳረጉ፣ ለዚህ ሁሉ ተጠያቂዎቹ ራሳቸው እንደሚሆኑ ያስታውቃል። የሚነበበው በስፓኝ ቋንቋ ነው፤ ሰሚው የማያውቀው ቋንቋ። ሰው በሸሸበት ባዶ መንደር ፊት የተነበበበት ጊዜም አለ። መነኩሴው ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ ስለዚህ ወረቀት ሲጽፉ መሳቅ ይሁን ማልቀስ እንደሚገባቸው እንዳላወቁ ተናግረዋል።

ወረቀቱ ለአድማጩ እንዳልተጻፈ ግልጽ ነው። የተጻፈው ለአንባቢው ኅሊና ነው። ሌባ እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልገውም። «ሐቅ ከእኔ ጋር ነው» ብሎ መተኛት የሚፈልግ አማኝ ግን ያስፈልገዋል።

መንገዱ ሲለያይ

ታዲያ ኒያን በምን እንለያለን? የልብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የሰውን ልብ ቀዶ ማየት አልታዘዝንም፤ አንችልምም። ሃይማኖትና ጥቅም በአንድ መንገድ አብረው እስከሄዱ ድረስ ሰውየው የሚከተለው የትኛውን እንደሆነ ለራሱም አይታወቀውም። የሚታወቀው መንገዱ መንታ ላይ ሲደርስ ነው። ሃይማኖቱ «ተው»፣ ጥቅሙ «ያዝ» ያለው ዕለት። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቀናት መጥተዋል።

የመጀመሪያው በ1511 ዲሴምበር ወር በሳንቶ ዶሚንጎ ነበር። አንቶኒዮ ዴ ሞንቴሲኖስ የተባሉ መነኩሴ አገረ ገዢውና ባለሥልጣናቱ በተቀመጡበት ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሰጡ። በምን መብት ነው እነዚህን ሰዎች በባርነት የያዛችሁት? እነዚህስ ነፍስ ያላቸው ሰዎች አይደሉምን? የሚል ነበር የጥያቄያቸው ይዘት። በዚህ ሁኔታችሁ መዳን የላችሁም አሏቸው። ሃይማኖቱ በገዛ መድረኩ ላይ፣ በገዛ ካህኑ አፍ ተናገረ ማለት ነው። ምእመናኑስ ምን አደረጉ? ወደ ገዳሙ ሄደው «ቃላቸውን ያንሱልን» አሉ። መነኩሴው በሚቀጥለው እሑድ አብሰው ደገሙት። ያኔ ባለመሬቶቹ ለንጉሡ አቤት አሉ። በ1512 የወጣው የቡርጎስ ሕግ ስለ ሠራተኞቹ ምግብና ዕረፍት ደነገገ፤ «አደራው» ግን እንዳለ ቀጠለ።

ሁለተኛው ቀን ፔሩ ውስጥ ነው። በ1532 ኖቬምበር 16 ቀን ፍራንሲስኮ ፒዛሮ 168 ሰዎች ይዞ በካሃማርካ አደባባይ የኢንካዎቹን ንጉሥ አታዋልፓን ማረከ። መነኩሴው ቫልቬርዴ መጽሐፍ አቀረቡለት፤ ንጉሡ ወረወረው፤ ተኩሱ ተጀመረ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከስፔኖቹ አንድም አልሞተም። አታዋልፓ ነፍሱን ለመቤዠት አንድ ክፍል እጁ እስከሚደርስበት ከፍታ አንድ ጊዜ በወርቅ፣ ሁለት ጊዜ በብር ሊሞላ ቃል ገባ። ፒዛሮ ተስማማ። ለወራት ከግዛቱ ሁሉ ዕቃ እየተሸከሙ መጡ። የጥበብ ሥራው ሁሉ እሳት ውስጥ ገባ። ቀልጦ ሲመዘን ወርቁ ብቻ 6,000 ኪሎ ግራም ያህል ሆነ።

ቤዛው ተከፈለ። ቃል ተሰጥቷል። ከዚያ «አታዋልፓ በስውር ጦር አስከትቷል» የሚል ወሬ ተነሳ። ወሬውን እንዲያጣራ ሄርናንዶ ዴ ሶቶ ተላከ፤ እሱ «ምንም ጦር የለም» ብሎ ሳይመለስ በ1533 ጁላይ ወር ንጉሡን ገደሉት። በእሳት ሊቃጠል ተፈርዶበት ነበር። ከተጠመቀ በገመድ ታንቆ እንደሚሞት ተነገረው፤ ተጠመቀ፤ አዲስ የክርስትና ስም ተሰጠው፤ ታነቀ። ገዳዮቹ በሥርዓት ቀበሩት። ምሕረት አደረግንለት ብለው ያመኑ ይመስለኛል። ነገሩን የሚያስፈራ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ቀን በ1542 መጣ። ንጉሡ ካርሎስ አዲስ ሕግ አወጡ፤ ተወላጆችን ባሪያ ማድረግ ተከለከለ፤ «አደራው»ም ያዡ ሲሞት ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ወደ ዘውዱ እንዲመለስ ታዘዘ። በፔሩ የፒዛሮ ወንድም ጎንሳሎ አመፀ፤ ሕጉን ሊያስፈጽሙ የመጡት እንደራሴ ብላስኮ ኑኜስ ቬላ በ1546 በጦር ሜዳ ተገደሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ ንጉሡ የውርሱን አንቀጽ ሽረውት ነበር። «ለፈጣሪና ለንጉሥ» ብለው የመጡት ሰዎች መነኩሴው ሲከለክሏቸው መነኩሴውን ከሰሱ፤ ንጉሡ ሲከለክላቸው የንጉሡን እንደራሴ ገደሉ። ወርቁ ሲከለክላቸው ግን አልታየም።

በመንታው ላይ ወደ ሌላው አቅጣጫ የታጠፈ ሰው የለም ወይ? አለ። ላስ ካሳስ ራሳቸው በኩባ ባለ «አደራ» ነበሩ። በ1514 ለስብከት ሲዘጋጁ ከግፍ የተገኘ ሀብት ለፈጣሪ ቢቀርብ ተቀባይነት እንደሌለው የሚናገር የመጽሐፋቸውን ክፍል አነበቡ። ከሐራም የወጣ ሰደቃ ዋጋ እንደሌለው እኛም እንማራለን። እሳቸው ግን አንብበው አላለፉም፤ የያዟቸውን ሰዎች ለቀቁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱበት 1566 ድረስ ተሟገቱ። በ1550 እና በ1551 በቫያዶሊድ ከሊቁ ሴፑልቬዳ ጋር ባደረጉት ክርክር «እነዚህ በተፈጥሯቸው ለመገዛት የተፈጠሩ ናቸው» የሚለውን ሐሳብ ተጋፈጡ። እኚህም ሰው ታዲያ ንጹሕ አልነበሩም። ተወላጆቹን ለማዳን ብለው ከአፍሪካ ባሪያዎች እንዲመጡ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በኋላ አፍሪካውያኑም በግፍ እንደተያዙ ሲገባቸው ተጸጽተው ጥፋታቸውን ጻፉት። ለአንዱ ሕዝብ የተከፈተ ዓይን ለሌላው ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

«ሕዝቡን የጨረሰው ፈንጣጣ እንጂ ሰይፍ አይደለም» የሚል መከራከሪያ አለ። እውነትነት አለው። በ1520 ሜክሲኮ የገባው ፈንጣጣ ከሰይፍ ይልቅ ብዙ ገድሏል፤ በሽታውን ያመጡት አስበው አልነበረም። ብዙ ተመራማሪዎች በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከማዕከላዊ ሜክሲኮ ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ እንዳለቀ ይገምታሉ። ነገር ግን የታመመን ሰው ከማሳው አንስቶ ማዕድን ጉድጓድ ማውረድ በሽታ አይደለም። በ1545 የፖቶሲ የብር ተራራ ተገኘ፤ በ1570ዎቹ እንደራሴው ቶሌዶ በየተራ የግዳጅ ሥራ ሥርዓት አቆሙለት። ይህ በቁጥርና በመዝገብ፣ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ዘግይቶ የመጣ ጸጸት

በ1589 በኩስኮ ከተማ ማንሲዮ ሴራ ዴ ሌጊሳሞን የተባለ ሽማግሌ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ኑዛዜ አስጻፈ። ፔሩን ከወረሩት መካከል በሕይወት የቀረሁ የመጨረሻው እኔ ነኝ ብሏል። በኑዛዜው ኢንካዎቹ አገሩን እንዴት በሥርዓት ያስተዳድሩ እንደነበር ይዘረዝራል። ሌባ አልነበረም፤ ሰው ከቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ እንጨት ያጋድማል፣ ማንም አይገባም፤ እኛ በራችንን ስንቆልፍ ሲያዩ ግን በመካከላችን ሌባ እንዳለ ገባቸው፤ በመጥፎ ምሳሌያችን አበላሸናቸው ይላል። ይህን የሚናገረው ኅሊናውን ለማቅለል እንደሆነም ይገልጻል። ሽማግሌው በጸጸት ሳያጋንን አልቀረም፤ ኢንካዎቹ ራሳቸው ሌላውን ሕዝብ በጦር የገዙ፣ ልጆችን ለመሥዋዕት ያቀረቡ ነበሩ። ሆኖም እንባው የውሸት አይመስለኝም።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ ኑዛዜው የተጻፈው ለንጉሡ ለፊሊፕ ነው። ለተበደሉት አይደለም። ላስ ካሳስ ለካህናት ባዘጋጁት የኑዛዜ መመሪያ ከዚህ የከበደ ነገር ጠይቀው ነበር፤ ሊሞት ያለ ወራሪ የውል ጸሐፊ አስጠርቶ በግፍ የያዘውን ሁሉ ለባለቤቱ ወይም ለወራሹ እንዲመልስ ካልተስማማ ኃጢአቱ እንዳይፈታለት። እኛ ከልጅነታችን የምናውቀው ትምህርት ነው። ተውባ መጸጸት፣ መተውና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ነው፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁ ይመለሳል። እንባ የሰውን ሐቅ አይተካም።

ዛሬም ነገሩ አልተዘጋም። ጳጳስ ፍራንሲስ በ2015 ቦሊቪያ ላይ ስለ ወረራው ዘመን በደል ይቅርታ ጠየቁ። በ2019 የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት የስፔን ንጉሥ ይቅርታ እንዲጠይቁ ደብዳቤ ሲጽፉ የስፔን መንግሥት ጥያቄውን አልተቀበለውም። በ2023 ደግሞ ቫቲካን የወራሪዎች መብት ይጠቀስበት የነበረውን «የማግኘት» አስተምህሮ እንደማትቀበል አስታወቀች። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ክርክሩ ያው ነው፤ ሐቁን ማን ለማን ይመልስ?

ወደ ቤታችን

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው «እሺ፣ ታዲያ ክርስቲያኖቹ...» ብሎ ሊጀምር ሲል አስቆምኩት። ከዚህ በፊት ነግሬው የማላውቀውን ነገር ያን ቀን ነገርኩት።

አያቴ በጅማ ነጋዴ ነበሩ። አምስቱንም ሶላት በጀመዓ የሚሰግዱ፣ ለድሃ እጃቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። በቤታቸው እማማ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ነበሩ። እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዘመድ ይመስሉኝ ነበር። አድጌ ነው የተረዳሁት፤ እማማ ዘሀራ በልጅነታቸው በገንዘብ የተገዙ ናቸው። ባርነት በ1942 በሕግ ሲከለከል የሚሄዱበት ስላልነበራቸው እዚያው ቀሩ። አያቴ ስለ እሳቸው ሲያነሱ «ከጨለማ አውጥቼ ያሰለምኳት እኔ ነኝ፤ አላህ ይቆጥርልኛል» ይሉ ነበር። እንዲህ ሲሉ አይዋሹም ነበር። ያምኑ ነበር። እሳቸው ያሉትን ነገር ባለ «አደራዎቹ» ስፔኖች ያሉት መሆኑን ያስተዋልኩት መጽሐፍ ሳነብ ነው።

አያቴ ሲሞቱ ቤቱና ሱቁ በሸሪዓ ተከፋፈለ። ዕድሜ ልካቸውን ያለ ደመወዝ የሠሩት ሴት ስም በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልተነሳም። በሕይወት አልነበሩም፤ ልጅም አልነበራቸውም፤ የተገኙበት መንደርም አይታወቅም። ከእናቴ በኩል እኔም ድርሻዬን ወስጃለሁ። ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ፋቲሓ አድርገን፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ልጁ ብዙ ዝም አለና «አጎቴ፣ የመጀመሪያ ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ። አላወቅሁም። ዘሀራ የተባሉት እኛ ቤት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የስፔኖቹን ኒያ አላህ ይመረምረዋል። ለእኔ ከታሪካቸው የቀረልኝ ጥያቄ የሚከተለው ነው። ሃይማኖቴና ጥቅሜ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሚሄዱበት ጉዳይ ሁሉ፣ በንግዱ፣ በውርሱ፣ ቤት ውስጥ በምናሠራቸው የሰው ልጆች ደመወዝ፣ መንገዱ የሚለያይበትን ቦታ ፈልጌ አይቻለሁን? ወይስ እንዳላየው ወረቀት አንብቤበታለሁ? እማማ ዘሀራን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ጅማ ውስጥ ዛሬም በሕይወት አሉ ተብያለሁ። በሚመጣው ወር ከልጁ ጋር ሆነን ልንጠይቃቸው ተስማምተናል። የምናገኘው ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ ስሙን ይዘን እንመለሳለን፤ ከድርሻዬ የሚገባቸውን ደግሞ በስማቸው አወጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ የሚያሳየን፣ የሰውንም ሐቅ ሳንመልስ ከዚህ ዓለም የማንሄድ ያድርገን። አሚን።